ሆድ ያባውን ራጅ ሲያወጣው

ወዳጆቼ፣ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል እየሰማን አድገናል። እኔ ዛሬ የምተርክላችሁ ግን ብቅል ስለማያወጣው ነገር ነው፤ ሥጋን ዘልቆ ጥይትን ከደረት፣ የታሸገ ኮኬይንን ከአንጀት ስለሚያሳየው ጨረር፣ ሁላችንም ራጅ ስለምንለው። ወጉ ከጎንደር ይነሣና ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ከዚያም ገዳሪፍን ረግጦ ናይልን ይከተላል፣ ከዚያም ዞሮ ቦሌ ይደርሳል፣ ከቦሌም ተመልሶ ገዳሪፍ ይገባል። መንገዱ ረጅም ነውና ተደላድላችሁ ተቀመጡ።

ከጎንደር በአዘዞ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ጭልጋን እስኪያልፍ ድረስ በደጋ አየር፣ ጋቢውን እንደደረበ ይሄዳል፤ አይከል ላይ ወርዶ ሻይ ይጠጣል፣ እግሩን ያፍታታል፤ ከዚያም መንገዱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርድና አየሩ ይከብዳል፣ ጋቢውም ከትከሻ ወርዶ ይታጠፋል፣ ግራሩና የዕጣኑ ዛፍ ይበረክታል፣ ነጋዴ ባሕርን አልፎ ገንዳ ውኃ ሲደርስም ተሳፋሪው ሁሉ ውኃ ውኃ ይላል። ከዚያም ኮኪት ነው፣ ከኮኪትም መተማ ዮሐንስ። ከከተማዋ ጫፍ ያለችውን ድልድይ የተሻገረ ሰው ገላባት ገባ፣ ሱዳን ገባ ማለት ነው። ከገላባት በዶካ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ዳር ድንበሩ በማይታይ ጥቁር አፈር መካከል 150 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከሜዳው ላይ ትልቁ የእህል ሲሎ ብቅ ይላል፤ ያ ገዳሪፍ ነው፣ የሰሊጥና የማሽላ አገር። ክረምት ሲሆን ያ ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ መኪናውን እስከ ሆዱ ይውጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ማጭዱን በከረጢት ጠቅልሎ ለሰሊጥ አጨዳ ይጎርፋል። እንዲህ ነው የኖረው፤ አባትም ሄዶበታል፣ ልጅም ይሄድበታል።

በዚህ አገር የሚያልፍ አንድ ወንዝ አለ፤ ወጋችንን ተሸክሞ የሚሄደው እርሱ ነውና ስሙን ያዙልኝ። እኛ ጓንግ እንለዋለን። ከጣና በስተሰሜን ካለው ተራራማ አገር ይነሣል፣ በመተማ በኩል አልፎ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፣ ከዚያም ተከዜን ተቀብሎ በረሓውን ያቋርጥና ናይል ላይ ያርፋል።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦራቸውን አሰልፈው የደርቡሹን ምሽግ ገጠሙ፣ ሠራዊታቸውም አጥሩን ጥሶ ገባ፣ ድሉ በእጅ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ንጉሥ ቆሰለ የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ የሠራዊቱ ጉልበት ከዳው፣ እርሳቸውም በማግሥቱ አረፉ፤ አስከሬናቸውን ይዘው ወደ አገር የሚመለሱትንም የደርቡሹ አዛዥ የዘኪ ቱማል ጦር አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሰባቸውና አስከሬኑን ማረከ፣ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ደርቡሾቹ ዋና ከተማ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። እኔ በዚህ ታሪክ ላይ ሁልጊዜ የምቆምበት ቦታ ያቺ በድንኳን ውስጥ ያለፈችው ሌሊት ናት። በዚያች ሌሊት ጥይቱ በንጉሡ ገላ ውስጥ የት እንዳደረ ሊያሳይ የሚችል መሣሪያ በመተማ ብቻ አይደለም፣ በፓሪስም በለንደንም አልነበረም። ባለ መድኃኒቱም፣ ወጌሻውም፣ የአውሮፓው ሐኪምም የቆሰለን ሰው በጣት ዳስሶ፣ በብረት ቆርቁሮ ነበር ጥይት የሚፈልገው፤ ብዙውን ጊዜም ከጥይቱ ይልቅ ፍለጋው ገዳይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጀርመን አገር ቩርዝቡርግ በምትባል ከተማ ዊልሄልም ሮንትገን የተባለ የፊዚክስ መምህር በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲሠራ፣ በወረቀት ከሸፈነው የመስታወት ቱቦ ራቅ ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ምን እንደሆነ ስላላወቀ ጨረሩን በሂሳብ ባልታወቀ ነገር ምልክት ኤክስ ብሎ ጠራው፣ ለሳምንታትም ክፍሉን ዘግቶ ፈተነው፣ ከዚያም የሚስቱን እጅ በጨረሩ ፊት አስቀምጦ አጥንቷንና የጣት ቀለበቷን በፎቶግራፍ አነሣ። አሁን ቀኑን ልብ በሉት፤ በዚያው በ1888 ዓ.ም.፣ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ሆነ። ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ወደ ጣሊያን ከተመለሱት ወታደሮች መካከል ጥይት በክንዳቸው የቀረባቸውን ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም ናፖሊ ላይ በዚህ በአዲሱ ጨረር አነሣቸው፣ ጥይቱም ታየ። በጦርነት ለቆሰለ ሰው ራጅ ሲነሣ በዓለም ታሪክ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ጨረሩ ከጦር ሜዳ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ በእኛ ምድር የተተኮሰ ጥይት መፈለግ ነበር።

ከዚያም ጨረሩ ራሱ ወደዚህ አካባቢ መጣ። በ1890 ዓ.ም. እንግሊዞች ከግብፅ ጦር ጋር ሆነው በናይል ዳር ወደ ኦምዱርማን ሲዘምቱ ሻለቃ ጆን ባተርስቢ የተባለ ሐኪም የራጅ መሣሪያውን ከነመስታወት ቱቦው፣ ከነባትሪው ይዞ አባዲያ ደረሰ። አባዲያ ከበርበር በስተሰሜን በናይል ዳር ያለች ቦታ ናት፤ ከመተማ የወረደው የጓንግ ውኃም ናይል ከገባ በኋላ በእርሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ሐሩሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ አሸዋው በየስንጥቁ ይገባል፣ መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ ሣጥኖቹ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍነው ነው በረሓውን ያለፉት። ኤሌክትሪክ ደግሞ የለም። ባተርስቢ ምን አደረገ መሰላችሁ? ለሁለት ሰው የተሠራ ብስክሌት አቁሞ የኋላ ጎማውን በጠፍር ከዲናሞ ጋር አያያዘ፣ ሁለት ወታደሮች ወጡበት፣ በዚያ ግለት ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ፔዳሉን መቱ፣ ባትሪውም ሞላ። ከዚያም ነሐሴ 28 ቀን የኦምዱርማን ጦርነት ሆነ፣ ቁስለኞቹም በጀልባ ወደ አባዲያ መጡ። ከ121 እንግሊዛውያን ቁስለኞች መካከል የ21ዱ ጥይት በተለመደው መንገድ ተፈልጎ ሳይገኝ ቀረ፤ ከእነዚህ ውስጥ የ20ውን ራጁ አሳየ። አንዱ ሰው ብቻ ራጅ ለመነሣት የማይችል ድውይ ነበር።

እኔ ይህን ታሪክ በወደድኩት ልክ ያሳዝነኛል። በዚያ ቀን ኦምዱርማን ሜዳ ላይ ከ10 ሺህ በላይ ሱዳናውያን ረግፈዋል፣ የቆሰሉትም ከዚያ አያንሱም፤ ብስክሌቱ ግን ለእነርሱ አልተነዳም። ጨረሩ ጥቁርና ነጭ አይለይም፤ የሚለየው መሣሪያውን የያዘው ሰው ነው። ከሃያ ቀን በኋላ፣ መስከረም 13 ቀን 1891 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ፓርሰንስ ከከሰላ ተነሥቶ የሞላውን አትባራ ተሻግሮ ገዳሪፍን ያዘ፣ የደርቡሹ አዛዥ አሕመድ ፋዲልም ከተማዋን ለማስመለስ ተመልሶ መጣና በዚያው ሰሞን ሌላ ደም ፈሰሰ። የገዳሪፍን ቁስለኛ አባዲያ ከሚገኘው መሣሪያ የሚለየው የብዙ ቀን የበረሓ መንገድ ነበር። ጨረሩ ማንን ያያል፣ ለምንስ ያየዋል የሚለው ጥያቄ እዚያ ተጀመረ፤ እስከ ዛሬም አልተዘጋም።

አሁን ብዙ ዘመን ልዝለል። በ1973 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ፤ አንድ ሰው ሐሺሽ የተሞላ ኮንዶም ውጦ አንጀቱ ስለተዘጋ በቀዶ ጥገና አወጡለት። ከዚያ ወዲህ ዕፅ መዋጥ በዓለም ላይ ሥራ ሆነ። ዱቄቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ ሌላ ላስቲክ፣ በላዩም ሌላ ተደርቦ፣ ትልቅ የቴምር ፍሬ በሚያህል መጠን ይታሰራል፤ አንዱ ጥቅል 8 ወይም 10 ግራም ይይዛል፤ አንድ ሰው ከ50 እስከ 100 ጥቅል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይውጣል፤ ከዚያም አንጀቱን የሚያደርቅ ክኒን ይወስድና አውሮፕላን ይሳፈራል። በሰማይ ላይ ምግብ ሲመጣለት እጁን ያወዛውዛል፣ ውኃም ይፈራል፣ ሆዱን በቀበቶው ላይ በክንዱ ደግፎ ይቀመጣል። ከጎኑ የተቀመጠችው እናት የታመመ መስሏት ሎሚ ትሰጠው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ዕዳ ያጎበጠው፣ ሥራ ያጣ፣ ልጅ የሚያሳድግ ወይም የምታሳድግ ደኃ ነው፤ ዕፁን ያሸገውና ትርፉን የሚቆጥረው ሰውዬ አውሮፕላኑ ላይ የለም።

አዲስ አበባ የአፍሪካ የበረራ መገናኛ ናትና ይህ መከራ እኛንም አገኘን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሳኦ ፓውሎ ይበርራል፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በቦሌ አቋርጦ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ሲሞክር ኮኬይን በሆዱ ይዞ የተያዘ መንገደኛ ወሬም ከፌደራል ፖሊስ በተደጋጋሚ ሰምተናል። በአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛው የሚያልፍበት ተራ መፈተሻ ብረትን ያውቃል፣ በልብስ ሥር ያለውንም የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ ቆዳን አልፎ ሆድ የሚገባው ግን ራጅ ነው። ስለዚህ የተጠረጠረው ሰው ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

ሐኪሙ ምን ያያል? በተራው የሆድ ራጅ ላይ የአንጀት አየር ጠቁሮ፣ አጥንት ነጥቶ ይታያል፤ በመካከላቸው መጠናቸው እኩል የሆነ፣ ሞላላ፣ ጠርዛቸው ጥርት ያለ ነገሮች ተደርድረው ከታዩ ጥርጣሬ ይነሣል፤ ሰው የበላው ምግብ እንዲህ ተስተካክሎ አይሰለፍምና። በላስቲኩ ድርብርብ መካከል የቀረው አየርም ቀጭን ጥቁር ቀለበት ሆኖ ጥቅሉን ይከብበዋል፤ የለመደ ዓይን የሚይዘው እርሱን ነው። ነገር ግን ተራ ራጅ ይስታል። ከአሥር ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን ነፃ ነህ ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ዕፁ በፈሳሽ መልክ ከተዘጋጀማ የበለጠ ይከብደዋል። ሲቲ ስካን ሆዱን በስስ በስሱ ከፍሎ ስለሚያሳይ በጣም የሚታመነው እርሱ ነው፤ ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ደግሞ ጨረር የሌለው አልትራሳውንድ ይቀድማል። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገራችሁ፤ መሣሪያው አያነብም፣ የሚያነበው ሰው ነው። የሚያነበው ሐኪም ከሌለ የተነሣው ምስል ጨርቅ ነው።

ከታየስ በኋላ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወጉ ያለቀ ይመስለዋል፤ ተያዘ፣ ታሰረ፣ በቃ። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ዋናው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚያ ሆድ ውስጥ አንዲት ጥቅል ብትፈነዳ ሰውየውን ለመግደል ትበቃለች። ሄሮይን ከሆነ መተንፈሱን ያቆምበታል፣ ለእርሱ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ መድኃኒት አለ። ኮኬይን ከሆነ ልቡን ያስደልቀዋል፣ ገላውን እንደ እሳት ያግለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፤ ለእርሱ ማርከሻ የለም፣ ያለው መፍትሔ በፍጥነት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል መግባት ነው። ጥቅሉን በመሣሪያ ጎትቶ ለማውጣት መሞከርም ክልክል ነው፣ ይቀደዳልና። ጤነኛ ሆኖ የተገኘውን ሰው አንጀት የሚያጥብ ፈሳሽ ይሰጡታል፣ የልብ ምቱን ይቆጣጠራሉ፣ የወጣውን ይቆጥራሉ፣ ሆዱ ባዶ መሆኑንም ደግመው በራጅ ያረጋግጣሉ። ፖሊሱ በር ላይ ይቆማል፤ አልጋው አጠገብ የሚቆመው ግን ሐኪሙ ነው፣ ቅደም ተከተሉም ይህ ሊሆን ይገባል።

ሕጋችንም ቢሆን ይህን አይጠላውም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 መርማሪው ፖሊስ የተጠርጣሪውን ገላ ማስመርመር ሲያስፈልገው የተመዘገበ ሐኪም ይጠይቃል እንጂ ራሱ ይመርምር አይልም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ደግሞ ዕፅ የሚያዘዋውረውን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሁለቱም በቦታቸው ይኑሩ፤ እኔ ቅጣቱ ይቅር አልልም። የምለው፣ ሆዱ ውስጥ ሞት የተሸከመ ሰው መጀመሪያ ሕመምተኛ ነው፣ ተከሳሽነቱ ከዚያ ይከተላል።

እንግዲህ ወደ ገዳሪፍ ልመልሳችሁ። በመተማና በገላባት በኩል የሚያልፈው ሕገ ወጥ ጭነት በአብዛኛው ሆድ ውስጥ አያልፍም፤ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በሰሊጥ ጭነት ሥር፣ በአህያ ጀርባ ነው የሚሄደው። በዚያ አገር ሆድ የሚያብጠው በሌላ ነገር ነው። ካላዛር ይሉታል። በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በዛፉ ሥር የምትኖር አሸዋ ዝንብ፣ ሌሊት ሜዳ ላይ የሚያድረውን የሰሊጥ ሠራተኛ ትነክሰዋለች፤ ከወራት በኋላ ትኩሳት ይጀምረዋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጥና ሆዱን ይወጥረዋል። የገዳሪፍ ክፍለ ሀገር በዚህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከተጠቁት ቦታዎች አንዱ ነው፤ በእኛ በኩልም መተማ፣ ሁመራ፣ አብድራፊ ያውቁታል። ካልታከመ ይገድላል። ከታከመ ግን የ17 ቀን መርፌ ያድነዋል። አስቡት፤ ያ ልጅ ማጭዱን ጥሎ ሆዱን ይዞ ኬላ ላይ ሲደርስ የሚያየው ሰው ምን ይለዋል? ምን ውጠህ ነው ይለዋል ወይስ መቼ አመመህ?

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከበደ። ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ፣ ታላላቆቹ የሱዳን ሆስፒታሎችም ያሉት ካርቱም ነበርና ብዙዎቹ ፈረሱ፣ ተዘረፉ፣ ሐኪሞቻቸውም ተበተኑ። ሕዝቡ ከካርቱም፣ ቆይቶም ከጀዚራና ከስናር፣ ልጁን አዝሎ ወደ ገዳሪፍ ፈለሰ፤ ሌላውም በገላባት ተሻግሮ መተማ ገባ፣ ከመካከላቸውም ዓመታት ሱዳን የኖሩ ወገኖቻችን ነበሩ። ጥይት በገላው የቀረበት ሰው፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው፣ ሆዱ ያበጠ ሰው፣ ምጥ የጠናባት ሴት፣ ሁሉም ገዳሪፍ ላይ ተሰበሰቡ። ጥይት የቀረባቸው ከጥይቱ ቦታ ሌላ የሚጠይቁት ነገር የለም፤ የት አለ ብለው ነው የሚጠይቁት፣ መተማ ላይ በዚያች ሌሊት እንደተጠየቀው።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ለድንበሩና ለአውሮፕላን ማረፊያው መፈተሻ መሣሪያ ለመግዛት የምትወስኑ ሰዎች፣ ወገንም ሁኑ ለጋሽ፣ ለጎንደርና ለገዳሪፍ ሆስፒታሎችም ራጅና አልትራሳውንድ፣ ከነመለዋወጫው፣ ከነሚያነበው ሐኪም አብራችሁ ግዙ፤ ያ መሣሪያ አንዱን ዕፅ አዘዋዋሪ ሲይዝ መቶ ቁስለኛና መቶ የካላዛር ሕመምተኛ ያያል። መርማሪዎች ሆይ፣ በሆዱ ዕፅ የተያዘበትን ሰው ስትጠይቁት ማን አሸገልህ፣ ማን ላከህ በሉት፤ ከዚያም ላኪውን ተከተሉ። እናንተም አድማጮቼ፣ ምናልባት ዕፅ ውጦ ሆዱን የያዘ ወንድም፣ ልቧ የሚደልቅባት እህት ከገጠማችሁ አትደብቁ፣ በቤት ውስጥ ዘይትና ጨው አታጠጡ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አድርሱ፣ ለሐኪሙም ምን እንደዋጠ፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ እውነቱን ንገሩት።